ጫማው የሚወልቀው ከምስማሩ ሳይሆን ከሞረዱ ነው

የፈረስ ጫማ ያለጊዜው ሲወልቅ ሁሉም የሚወቅሰው ምስማሩን ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ይመስለኝ የነበረው ወፈር ያለ ምስማር መምታት፣ ብዛቱንም ከ6 ወደ 8 ከፍ ማድረግ ነበር። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ወፍራም ምስማር የሰኮናውን ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ምስማር አይዝም። ጥፋቱ ያለው የጫማው ብረትና ሰኮናው በማይገናኙበት ቦታ ነው። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ብረቱ በየእርምጃው ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው የምስማሩን ቀዳዳ ያሰፋል፤ ጫማው ይላላል።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን አሁን የምሰጠው ሰኮናውን ለማስተካከሉ ነው። አሮጌውን ብረት ስነቅል መጀመሪያ የታጠፉትን የምስማር ጫፎች በሙሉ አቃናለሁ ወይም በሞረድ እሞርዳቸዋለሁ። ከዚያ በጉጠት ከተረከዝ ጀምሬ ግራና ቀኝ እያፈራረቅሁ፣ ወደ ሰኮናው መሃል እየሳብሁ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ወደ ውጭ የጠመዘዘ ሰው ግድግዳውን አብሮ ይገነጥላል።

የሰኮናውን ጠርዝ ከቆረጥሁ በኋላ ሞረዱን ሁለቱንም ተረከዝ በአንድ ጊዜ እንዲነካ አስተኝቼ በረጅሙ እገፋለሁ። ሞረድ የሚበላው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ አንሡት፣ አለዚያ ጥርሱ ያልቃል። እጅ ሳይታወቀው ወደ አንድ ጎን ይጫናል፣ ያኛው ጎን ዝቅ ይላል። በየመሃሉ እግሩን ላላ አድርጌ ይዤ በአንድ ዓይን ከተረከዝ ወደ ጣት አያለሁ። ብረቱን አስቀምጬም ከጎን እመለከታለሁ፤ ብርሃን ካሳለፈ ሥራው አላለቀም። መርገጫውን፣ ማለትም የሰኮናውን የታች ገጽ፣ በአውራ ጣት ስጫነው ከሰረጎደ ግን መቁረጥ አቆማለሁ፣ ሳስቷልና።

ብረቱ በሰኮናው ልክ ይቀጠቀጣል እንጂ ሰኮናው በብረቱ ልክ አይሞረድም። ከሰኮናው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ ብረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ሰፋ ይላል፣ ፈረሱ ሲረግጥ ተረከዙ ስለሚከፈት። በዚሁ ምክንያት ከሰፊው ቦታ ወደ ኋላ ምስማር አልመታም።

ምስማሩ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ በሌላው ጎን ጫፉ በሰያፍ የተሞረደ ነው፣ ራሱ ላይ ደግሞ ምልክት አለው። ምልክቱ ወደ ሰኮናው መሃል ይዞራል። ሰያፉ ጫፍ ምስማሩን ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። ተገልብጦ ከገባ ወደ ሕያው ሥጋ ይሄዳል። መነሻው ነጩ መስመር፣ ማለትም ግድግዳውና መርገጫው የሚገናኙበት፣ ወይም ከእሱ ትንሽ ወደ ውጭ ነው። በመጀመሪያ ቀስ አድርጌ እየመታሁ ድምፁን አዳምጣለሁ። በጠንካራ ግድግዳ ውስጥ ሲሄድ ድምፁ እየጠነከረ ይመጣል፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማና ያለ ችግር ከሰመጠ፣ ወይም ፈረሱ ደንገጥ ካለ፣ ወዲያው እነቅለዋለሁ። ጫፉ ደም ከያዘ ቀዳዳውን በአዮዲን አጥቤ ባዶውን እተወዋለሁ፣ ለባለቤቱም የቲታነስ ክትባቱን እንዲያጣራ እነግረዋለሁ። ደም የሌለው ግን ወደ ሥጋው የተጠጋ ምስማር የበለጠ ያታልላል፤ ማነከሱ የሚመጣው ከአንድ ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

መውጫው ከብረቱ ወደ 2 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ ደህና ነው። ዝቅ ብሎ የወጣ ግድግዳውን ይገነጥላል። ብቅ ያለውን ጫፍ ሳልዘገይ ጠምዝዤ እሰብራለሁ፤ ፈረሱ እግሩን ቢነጥቅ ጭንን የሚቀድደው እሱ ነው። ከቀረው ጉቶ ሥር ትንሽ ጎድጓዳ አበጅቼ ጉቶውን አጥፌ አስተኛዋለሁ። የግድግዳውን ውጭ ለማሳመር ብሎ ሰፋ አድርጎ መሞረድ ግን ሰኮናውን ያሳሳዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ስል መሣሪያ ሲኖር ነው። የደነዘ ቢላ በኃይል መግፋት ስለሚያስገድድ ሳይታሰብ ጠልቆ ይገባል። ቢላዬን የምስለው ሰያፍ በሆነው ጎኑ ብቻ ነው፤ የተጠማዘዘውን ጫፍ በቀጭን ክብ ሞረድ። በማሽን ስትስሉት ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። የሰኮና መቁረጫ ጉጠት ምስማር አይነካም፤ አንድ ጊዜ ከነካ ስለቱ ላይ ጎርጎድ ይቀራል። ሁለት ሞረድ እይዛለሁ፦ አዲሱ ለሰኮና፣ አሮጌው ለምስማር ጫፍ። የሞረዱ ጥርስ ሲደፈን በሽቦ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ከብረት ጋር አላጋጨውም። ማታ መሣሪያዎቹን አድርቄ በስሱ ዘይት እቀባቸውና እያንዳንዳቸውን በጨርቅ እጠቀልላለሁ። የመሮው ራስ በመዶሻ ብዛት ጠርዙ ከተዘረጋ ደግሞ ወዲያው መሞረድ አለበት፤ ስባሪው ወደ ዓይን ነው የሚፈናጠረው።