ባሕር ሸሽ

ባለፈው እሑድ የጣናን ውኃ መውጣትና መውረድ የምመዘግብበት ባለ 50 ሉኩ ደብተሬ ሞላ። በመጨረሻው ገጽ የሰፈረው «ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ውኃው ከዘጠነኛው ምስማር ሁለት ጣት ወርዷል» የሚል መስመር ነው። ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ቤት ገብቼ፣ ቡና ቀርቦ፣ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሲኒዋን ሳታስቀምጥ «እሺ፣ መሬቱንስ ገዛሽው?» አለችኝ።

አልገዛሁም። እንደ እኔ የጣና ዳር ያማራችሁ፣ በእሑድ እሑድ ደሴት ለደሴት የምትዞሩ ወይም ልትጀምሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ እንደከረምኩ ላካፍላችሁ። ግማሹ ሞኝነት ነው።

የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። የከተማችን ሰው ጸባይ ይታወቃል፤ እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጀልባ ተከራይተን እንሸኛለን፣ እኛ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እንበላለን። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ የረገጥኩት ደሴት ደብረ ማርያምን ብቻ ነበር፤ እርሱም ከዓባይ መውጫ አጠገብ ስለሆነ ጉዞ አይባልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹ እንዴት ናቸው?» ብትለኝ አፍሬ ዝም አልኩ። እዚያው በወር ሁለት እሑድ ለጣና እሰጣለሁ ብዬ ወሰንኩ። በጸጥታው ምክንያት ከቤት ያልወጣሁባቸው ብዙ እሑዶች አሉ፤ ደብተሬ ላይ ባዶ መስመር ትቼላቸዋለሁ።

ስለ ደሴቶቹ ረጅም አልጽፍም፤ የጻፈ ሞልቷል። ዘጌ፣ ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ወር አለቀ፤ ዑራንና አዝዋ ማርያምን አየሁ፣ ከጫካው ቡና ገዛሁ፣ የጦጣ ዘረፋም ደረሰብኝ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ወንድሜ እስኪመለስ ጀልባው ላይ ተቀምጬ ፀሐይ በላኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ብልጥ ሆንኩና ባለ ጀልባውን ትይዩ ያለችው እንጦስ ደሴት ላይ አውርደኝ አልኩት፤ እዚያ ያሉት እናቶች ጠላ ቀድተው ተቀበሉኝ። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ ለወንድ ብቻ ነው፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲለደስን አጽም አየሁ የሚለውን የወንድሜን ወሬ ሰምቼ ቀርቻለሁ። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን አንድ ጊዜ አየሁ። አንድ ጊዜ አይበቃም።

ጀልባ ላይ ግን አቋም አለኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያልተነሣ ሰው ጣናን አላየም። ጠዋት ውኃው ዘይት ይመስላል፣ ታንኳዎቹ ደንገል ጭነው ሲያልፉ የቀዘፋው ድምፅ ይሰማል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሌላ ሐይቅ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይዘልም፤ ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ነው፣ ሰፌድ ላይ እንዳለ ምስር ያንገዋልላችኋል። «ቁርስ በልተን፣ ተረጋግተን እንውጣ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ቤቱ ተዉት።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

ዳር ዳሩን በዞርኩ ቁጥር ልቤ መሬት ጀመረ። ትንሽ ቦታ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ ፊት ለፊቱ ውኃ፣ ከጀርባው ጥቂት የማንጎ እግር። ከሰው ሰምቼ አንድ ደላላ ጋር ደረስኩ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ይህን ወር ያዙልኝ። ከከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ በሚወስደው በኩል፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ሜዳ ላይ አቆመኝ። ሣሩ ገና አልጠወለገም፣ ከብት ተሰማርቷል፣ የጓያ ገለባ እዚህም እዚያም ተበትኗል። ሐይቁ ከሩቅ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። «ውኃው እዚህ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ እዚህ ከደረሰማ ባሕር ዳርም አትኖርም» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «መስከረም ላይ ሂጂና እዪው» ብላ ወደ ወጧ ዞረች። በማግስቱ ደላላው ደውሎ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ቦታውን ሊወስደው ነው አለኝ። 15,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ብድር ሲጠይቅ ሦስት ጊዜ መርምሬ ነው የምፈርመው። የራሴ ገንዘብ ሲሆን አንድ ጊዜም አልመረመርኩም።

መስከረም ላይ በጀልባ ሄድኩ፤ በእግር የሚደረስበት መንገድ አልነበረም። ባለ ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያው እንጨት ወለሉን ነካና «እህቴ፣ ያልሽው ቦታ ይህ ነው» አለኝ። ውኃው ወገብ ይደርሳል። ሚያዝያ ላይ ተደግፌው ፎቶ የተነሣሁበት የእሾህ አጥር ጫፉ ብቻ ይታያል፣ እላዩ ላይ እምቦጭ ተጠምጥሞበታል። አንድ ልጅ በታንኳ መጥቶ በአጥሩ በኩል መረቡን ጣለ፤ እኛን አየና «ቀረሶ ትገዛላችሁ?» አለን። ገዛን። ከገዛ መሬቴ የተያዘ ዓሣ ስንት ኪሎ በ15,000 ብር እንደሚደርስ ጀልባው ላይ ሳሰላ ተመለስኩ።

ያን ዕለት ያናደደኝ ደላላው አልነበረም። ቃሉን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ታሪኬን ነግሬያቸው ሲያበቃ «ልጄ፣ እርሱ እኮ ባሕር ሸሽ ነው» አሉኝ። ጣናን ባሕር ብለን እየጠራን አድገናል፤ በበጋ ሲሸሽ የሚተወውን መሬት ስም ግን አላውቅም ነበር። ውኃው እየሸሸ ሲሄድ ገበሬው እየተከተለ እርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ አጭዶ ይወጣል፣ ክረምት ሲገባ ለሐይቁ ይለቃል። ቤት የሚሠራበት አይደለም።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። ዳሩ የት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ አልኩ። መጀመሪያ የስልኬን ካርታ አመንኩ። ካርታው ላይ ሐይቁ ሰማያዊ ነው፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ በመካከላቸው ቀጭን መስመር አለ። ያ መስመር የየትኛው ወር እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ስልክ ይዞ የዳር መሬት የሚለካ ሰው ሳይ አሁን ደሜ ይፈላል።

የእኔ መሣሪያ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ቁመቱ ሦስት ሜትር፣ ከታች ጀምሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ምስማር መታሁበት፣ ከሩቅ እንዲታዩኝ የምስማሮቹን ራስ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁ። የመጀመሪያውን አጣና አንድ እረኛ ነቅሎ ፍየል አሰረበት። ሁለተኛውን ከከተማው ጫፍ፣ አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ የአትክልት ቦታ ፊት ለፊት፣ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል በሲሚንቶ አቆምኩት። እርሱ ነው እስካሁን ያለው። እኔ እሑድ አነባለሁ፣ ካልቻልኩ የቤቱ ትንሽ ልጅ በስልክ ይነግረኛል፤ ሁለት ጊዜ ተኝቶ እየፈጠረ እንደነገረኝ ደርሼበታለሁ፣ እነዚያን በእርሳስ ሰርዣቸዋለሁ።

አጣናው ያስተማረኝ ይህ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ ውኃው ሁለተኛው ምስማር ላይ ነበር። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ይወጣል፣ ግን ጣሪያውን የሚነካው ሰው ሁሉ ክረምቱ አለፈ ብሎ ጃንጥላውን ካጠፈ በኋላ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ያመጡትን ገና እያራገፉ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ዘጠነኛው ምስማር ደረሰ። አንድ ሜትር ከ40 ማለት ነው። «ይህን ያህል ብቻ?» ብዬ ነበር እኔም።

ነገሩ ያለው ከመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ባሕር ዳር በኩል ዳሩ ድንጋይ ነው፤ ጣናን ሐይቅ ያደረገው ራሱ በደቡብ በኩል ፈስሶ መውጫውን የዘጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ምሥራቁና ሰሜኑ፣ ፎገራና ደንቢያ፣ ወንዞቹ ለዘመናት ያነጠፉት ደለል ነው። አጣናዬ ባለበት ውኃው አንድ ሜትር ከ40 ሲወጣ እኔ አራት እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ እላለሁ። በተከታዩ ግንቦት ግን ወደዚያ «መሬቴ» ሄጄ ከውኃው ጠርዝ እስከ እሾህ አጥሩ በእግሬ ቆጠርኩ። 640 እርምጃ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፣ ከብት የሚጠብቁት ልጆች እየሳቁብኝ።

በዚያ ላይ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓባይ መውጫ ላይ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር አለ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በምዕራብ በኩል ውኃው በዋሻ ተጠልፎ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ይወርዳል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ደንገሉ ደረቀ፣ ሰው የሐይቁን ወለል ሳይቀር አረሰ። ያን ዓመት ዳር መሬት የገዛ ሰው ካለ እንዲያነብልኝ ብዬ ነው ይህችን የጨመርኩት።

አጣና መትከል ለማይመቸው ሰው ሽማግሌው ያሳዩኝን ልንገራችሁ፤ ከአጣናው ይሻላል፣ ለእኔ ኩራት ግን አይበጅም። በደረቅ ወር ስትሄዱ ወደ ሐይቁ አትዩ፣ ጀርባችሁን ስጡትና ቁጥቋጦውን እዩ። ቅርንጫፍ ላይ እንደ አሮጌ ክር የተንጠለጠለ ደረቅ የእምቦጭ ሥር ካለ ውኃው እዚያ ነበር፤ ጉልበት ላይ ከሆነ ጉልበት፣ ደረት ላይ ከሆነ ደረት። ድንጋይ ካለ ነጭ መቀነቱን ፈልጉ፤ ውኃ ተኝቶበት የሄደ ድንጋይ ከስሩ ነጣ ያለ ሆኖ በአንድ ልክ ይቆማል። መሬቱን በጣታችሁ ጫር ስታደርጉ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከወጣ ሻንጣችሁን አንሡ። አባባ ይህን ሁሉ ያሳዩኝ በአሥር ደቂቃ ነው። እኔ ለዚሁ ሁለት ዓመት ደብተር ይዣለሁ።

ስለ ወረቀቱም በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የገጠር ይዞታ ይከራያል፣ ይወረሳል፣ ለሽያጭ ግን አይቀርብም። ከተማ ውስጥ ከሆነ መንገዱ ሊዝ ነው። ደላላው «የብድር ውል አስመስለን እንጽፈዋለን» ሲለኝ ደስ ያለኝ መሆኑን አልደብቅም፤ ብልሃት መስሎኝ ነበር። ቀብዴን ስጠይቀው ምን ብዬ ልክሰሰው? የትኛውን ውል ይዤ? ለቀበሌ ሰው ብነግር መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ገንዘቡ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ ብሎ ደወለልኝ፣ ሐይቁ ፊት ለፊት፣ ውኃ የማይደርስበት። «ለመስቀል እንገናኝ፣ ጫማህን አውልቀህ ና» አልኩት። ዘጋው።

የዳር ቤት ሐሳቤን ትቻለሁ ብል ውሸት ነው። ዘጌ በኩል ድንጋያማ ዳር ሳይ አሁንም ልቤ ይደነግጣል፣ ግን አልጠይቅም፤ እዚያ ጫካው ራሱ ባለቤት አለው፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮም ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ነው። ለጊዜው አንድ ነገር ተከራይቻለሁ፦ አጣናዬ ፊት ለፊት ያለችውን የጓሮ አግዳሚ ወንበር፣ እሑድ ጠዋት፣ ለቤተሰቡ ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና በወር።

አዲሱን ደብተር ገዝቻለሁ፣ ይህኛው ባለ 100 ሉክ ነው። የቀረኝ የሰሜኑ ዳር ነው። ጎርጎራ በኩል ያላችሁ፣ አንድ የማይነቃነቅ ድንጋይ ምረጡና በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ውኃው የደረሰበትን በቀለም አስምሩ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ደግሞ ከዚያ መስመር እስከ ውኃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፉልኝ። ቁመታችሁንም ጻፉ፤ የእኔ እርምጃ አጭር ነው።