ትከሻ የሚፈራው ጥይት

የምሠራው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ፣ በአንድ የአደን ዕቃ መደብር የጠመንጃ ካውንተር ላይ ነው። የአደን ወቅት ሲቃረብ ፋታ የለንም። የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ለአጋዘንም ለኤልክም የሚሆነኝ ጥይት የቱ ነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እዚህ ሚዩል ዲር የሚሉት አጋዘን፣ ደህና ወንድ ሆኖ 100 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። የአጋዘን ትልቅ ዘመድ የሆነው ኤልክ ግን ወንዱ 300 ኪሎ ይገባል። የባሌን የደጋ አጋዘን ያየ ሰው ግዝፈቱን መገመት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጠመንጃ ላድን የሚል ሰው ቀልቡ የሚያርፈው ትልቁ ጥይት ላይ ነው።

አንድ ቀን አንድ የአገሬ ሰው መጡ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ለኤልክ አደን ጋብዘዋቸዋል። የአዳኞችን ትምህርት ጨርሰዋል፤ የሴት ኤልክ ፈቃድም ደርሷቸዋል። ጓደኞቻቸው «ኤልክ ያለ ማግነም አይሆንም» ስላሏቸው፣ ብዙ ባሩድ የሚይዘውን ኃይለኛ ጥይት፣ .300 ዊንቸስተር ማግነምን፣ የሚተኩስ ጠመንጃ ገዝተው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ስኮፑ፣ ተበላሽቷል። ደህና ስኮፕ ስጠኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የተኮሱበትን ወረቀት ይዘውታል?»

ከኪሳቸው አጣጥፈው አወጡት። ከ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) የተተኮሰ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብ በእርሳስ ተራ ቁጥር ጽፈዋል። ጥንቃቄያቸው ደስ አለኝ፤ ነገሩን የፈታልንም እሱ ነው። 1 ቁጥር መሃሉን ነክቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን በየተራ ወደ ታች ወርደዋል። የመጨረሻው የወረቀቱን ጠርዝ ነው የበሳው።

የካውንተራችን አንጋፋ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያድን የኖረ አሜሪካዊ ባልደረባዬ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። የስኮፑን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈተሸ። ሁሉም ጥብቅ ናቸው። «ስኮፕ እንዳትሸጥላቸው» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ተኩስ ሜዳ ተገናኘን። መጀመሪያ ባልደረባዬ በእሳቸው ጠመንጃ ሦስት ተኮሰ። ሦስቱም 2 ኢንች በማትሞላ ቦታ ተቀመጡ። ጠመንጃውም ስኮፑም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ጥይት እያጎረሰ ለጋሼ ያቀብላቸው ጀመር። አልፎ አልፎ ግን በእውነተኛው ጥይት ፋንታ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት እንደሚያጎርስ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። የቱ መቼ እንደሚመጣ ግን አያውቁም።

እኔ ዓይኔን አፈሙዙ ላይ ተክያለሁ። ቃታውን ሳቡ። ጠቅ አለ፤ ተኩስ የለም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ አለ። ትከሻቸው ወደ ፊት ገፋ፤ ዓይናቸው ጭምቅ ብሎ ተከደነ። ምንም ሳይተኮስ ሰውነታቸው ምቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ጨርሷል።

ጋሼ ጠመንጃውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እኔ ነኝ ለካ!» አሉ።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም ጋሼ። ሰውነት የሚመታውን ነገር ቀድሞ ይሸሻል፤ ማንም ቢሆን» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ደረታቸውን ነፍተው ማግነም የሚገዙ ጠንካራ ወጣቶችም ላይ ያው ነገር ይታያል።

«ታዲያ ኤልክ የሚያህል ነገር በትንሽ ጥይት ይወድቃል?»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው ሰርቲ ኦት ሲክስ (.30-06) የተባለው ጥይት፣ በ1952 የመጣው .308 ዊንቸስተር እና በ1963 የተከተለው .300 ዊን ማግ የሚተኩሱት አረር፣ ማለትም ከአፈሙዙ የሚወጣው ክፍል፣ ውፍረቱ አንድ ነው፤ 7.82 ሚሊሜትር። ክብደቱም አንድ ሊሆን ይችላል። ዋናው ልዩነት ቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው። ባሩዱ ሲበዛ አረሩ ይፈጥናል፤ ትከሻም የዚያኑ ያህል ይመታል። ጠመንጃዎቹ እኩል ቢመዝኑ የ.308 ምት ከ.300ው በሲሶ ያህል ያንሳል። የማግነሙ ትርፍ ደህና አድርጎ የሚታየው ርቀቱ ሲጨምር ነው። ጋሼ ደግሞ ከ200 ያርድ በላይ የመተኮስ ሐሳብ የላቸውም። ለመጀመሪያ አደን ይህ ልክ ነው።

የኮሎራዶ ሕግም ማግነም አይጠይቅም። ጠመንጃው ከ.24 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት 6 ሚሊሜትር ገደማ) እንዳያንስ፣ አረሩ ሲመታ የሚከፈት እንዲሆንና በ100 ያርድ ላይ 1000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ይፈልጋል። የአረሩ ክብደት ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬይን (4.5 ግራም ገደማ)፣ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬይን ነው። ባለ 165 ግሬይኑ .308 በዚያ ርቀት ላይ ከ2000 ፉት-ፓውንድ በላይ ይዞ ይደርሳል። አነስ ያለው .243 ጥይትም ሕጉን ያልፋል፤ እኔ ግን ኤልክ ለሚያድን ጀማሪ አልሰጠውም።

ሰው ከቀለሁ መጠን ይልቅ ስለ አረሩ ቢጨነቅ እወዳለሁ። ተራው አረር ለስላሳ እርሳስ ሆኖ በስስ መዳብ የተሸፈነ ነው። ለአጋዘን ግሩም ነው፤ ቶሎ ይከፈታል። የኤልክ የትከሻ አጥንት ግን ወፍራም ነው። ያ አረር በቅርብ ርቀት፣ በትልቅ ፍጥነት ካገኘው ሳንባ ሳይደርስ ሊበታተን ይችላል። ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለኤልክ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ይሻላል። ተከፍቶም ክብደቱን እንደያዘ ጠልቆ ይገባል። ያው አረር አጋዘንም ይጥላል። በመዳቡ ሌላም ነገር እወደዋለሁ፦ የእርሳስ ፍርፋሪ ሥጋው ውስጥ አይተውም። በእርሳስ የተመታ አውሬ ራጅ ሲነሳ ብናኙ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሁሉ ይታያል። ሥጋው ልጆችና የልጅ ልጆች ለሚበሉበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ አውሬውም ነው። ሆዱን የተመታ ኤልክ ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ ያድራል። ያንን ስቃይ የማግነም ጉልበት አያስቀረውም። የሚያስቀረው ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባና ልቡ ያለበት ቦታ ላይ የሚያርፍ አረር ነው።

ባልደረባዬ የራሱን .308 አቀበላቸው። የመጀመሪያው የልምምድ ጥይት ላይ አፈሙዙ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ረጋ ብለው ሲደጋግሙት ጸጥ አለ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም ተሰበሰቡ። ጋሼ ማግነሙን ለመደብሩ መልሰው፣ ልዩነቱን ተቀብለው፣ .308 ወሰዱ። ጥይታቸው ባለ 165 ግሬይን መዳብ ነው። ከእሱ ጋር የልምምድ ጥይት ጨመርኩላቸው፤ ቤት ውስጥ ቃታ መሳብ ይለማመዱበታል።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ጠመንጃ ከማውረዴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ከስንት ያርድ ነው የሚተኩሱት? ከዚህ በፊት ትከሻዎን የመታዎት ጠመንጃ የቱ ነው? መልሱ ግማሹን ምርጫ ይጨርሰዋል። ጥይት ብቻ ለሚገዛ ደግሞ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ከሳጥኑ ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል እንዲያመሳክር እነግረዋለሁ። .270 ዊንቸስተር እና .270 ዊንቸስተር ሾርት ማግነም አንድ ጠመንጃ ውስጥ አይገቡም። የአረሩን ዓይነት ወይም ክብደት የቀየረም ሰው ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት ዒላማ ላይ ተኩሶ ስኮፑን እንደገና ያስተካክል።