የአሮጌ መኪናዬን ኤሲ ከአር-12 ወደ አር-134ኤ የመቀየር ሥራ፦ ሦስተኛ ሳምንት

በአሮጌው የማቀዝቀዣ ጋዝ በአር-12 እንዲሠራ የተሠራውን ኤሲ ወደ አዲሱ ጋዝ ወደ አር-134ኤ መቀየር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። አር-12 በያዘው ክሎሪን የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ እንዲቆም ስለተደረገ፣ የጎደለውን እየሞሉ መቀጠል አልተቻለም። ሲስተሙ ውስጥ የቀረውን ጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን ባለው ባለሙያ በሲሊንደር አስጠራቅሜያለሁ፤ ወደ አየር እንዳትለቁት አደራ እላለሁ።

ከሁሉም ይልቅ ያደከመኝ ዘይቱ ነው። ከአር-12 ጋር የኖረው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ፣ ጋዙ ይዞት ወደ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን ወደሚጨምቀው ክፍል) አይመልሰውም፤ ኢቫፖሬተሩ (ጋዙ ተንኖ አየሩን የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) ውስጥ ተኝቶ ይቀርና ኮምፕረሰሩ ያለ ቅባት ይሠራል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩን ፈትቼ ከገለበጥኩ በኋላ ዘንጉን በእጄ እያዞርኩ፣ ጠብታው እስኪቆም ድረስ አሮጌውን ዘይት አንጠፈጠፍኩ። ኮንደንሰሩን (ጋዙ ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር የሚለቅበትን ክፍል) እና ኢቫፖሬተሩንም አጥቤ በደረቅ ናይትሮጅን ነፋሁ። በምትኩ የጨመርኩት ኤስተር ዘይት ነው፤ ፓግ የሚባለው ሌላው ዘይት የአየር እርጥበትን በብርቱ የሚስብ ከመሆኑም በላይ የክሎሪን ቅሪት ስለሚያበላሸው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቅየራ ኤስተሩ የበለጠ ያስተማምናል ብዬ አምናለሁ። ኦሪንጎቹን (የመገጣጠሚያዎቹን የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ ቀይሬ በመሙያ አፎቹ ላይ የአር-134ኤ ማገናኛ አሰርኩ።

የተሳሳትኩት በድራየሩ፣ ማለትም የሲስተሙን እርጥበት መጥጦ በሚይዘው ክፍል፣ ነው። ማምሻውን ክዳኑን ከፍቼ አሳደርኩትና በማግስቱ ገጠምኩት። ቫኪዩም ፓምፑን 45 ደቂቃ አሠርቼ ቫልቮቹን ስዘጋ 600 ማይክሮን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቫኪዩሙ የተሻለ ነው) ያነብ የነበረው ጌጅ ቀስ በቀስ ወጥቶ 2,000 አካባቢ ቆመ። የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖር ኖሮ ንባቱ ሳያቋርጥ ወደ ላይ በቀጠለ ነበር፤ ወጥቶ መቆሙ ግን ውስጥ የቀረ ውሃ እየተነነ መሆኑን ያሳያል። ሌላ ድራየር ገዝቼ ከማሸጊያው እንደወጣ ወዲያውኑ ገጠምኩና ፓምፑን ሦስት ሰዓት አሠራሁ፤ ከዘጋሁት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ከ500 በታች ጸንቶ ቆየ።

ጋዙን የሞላሁት በሚዛን ነው። የመኪናው ልክ 900 ግራም አር-12 ስለነበር ከአዲሱ ጋዝ 80 በመቶውን፣ ማለትም 720 ግራም፣ ሲሊንደሩን አቁሜ በዝቅተኛ ግፊት በኩል በተን መልክ ብቻ አስገባሁ፤ ፈሳሹ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ከገባ ቫልቮቹን ይሰብራል። የውጭው ሙቀት 28 ዲግሪ ሳለ ከመተንፈሻው 9 ዲግሪ አየር ይወጣል፤ የከፍተኛው ግፊት ንባብም 14 ባር ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ግን 18 ባር ይደርሳል። አር-134ኤ በሞቀ ኮንደንሰር ውስጥ ከአር-12 ከፍ ያለ ግፊት ስለሚፈጥር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኮንደንሰሩ ፊት ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ፋን እገጥማለሁ። የጋዙንና የዘይቱን ዓይነት፣ መጠኑንና ቀኑን የያዘውን ምልክት ግን ወደፊት የሚከፍተው መካኒክ እንዳይሳሳት ከወዲሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፌዋለሁ።