መርፌዋ ንቅንቅ አትልም

«ልጄ፣ ነዳጁን የሚጠጣው መኪናው ነው ወይስ እናንተ ናችሁ?»

ጋሼ ይህን ያሉኝ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሲቀልዱ ፊታቸው ስለማይፈታ ተቆጥተው ይሁን እየቀለዱ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ይፈጃል። የዛን ቀን ግን አልፈጀብኝም። ሁለት ጊዜ ከፍሎ ሁለት ጊዜ ምንም ያልተቀየረለት ሰው ምን ብሎ ይቀልዳል?

መኪናቸው በፈረንጆች 1997 የተሠራች ኮሮላ ናት። 1.3 ሞተር፣ ማኑዋል፣ ኢንጀክሽን። ሳሪስ ያለው ጋራዣችን የድሮ ደንበኛ ናት። ችግሯ ነዳጅ ትበላለች። እንዲህ የሚል ደንበኛ መቼም አይጠፋም፤ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህማ መኪናው የማይበላበት ሰው የለም። አብዛኛው ታዲያ «የሁለት ሺ ብር ቀድቼ ሦስት ቀን አልቆየም» ነው የሚልህ። ሦስት ቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከዚህ ምንም አይወጣም።

ጋሼ ግን አስተማሪ ናቸው። ገና መጀመሪያ ሲመጡ ስልካቸውን ከፍተው ነዳጅ የከፈሉባቸውን የቴሌብር መልእክቶች አሳዩኝ፤ ከኪሳቸው ደግሞ ባለ ካሬ ደብተር ወጣ። እያንዳንዷን ክፍያ ለሊትሩ ዋጋ አካፍለው፣ ከጎኗ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፈዋል። ሁሌም ታንከሩን ሞልተው ነው የሚቀዱት። ከሙሉ እስከ ሙሉ 285 ኪሎ ሜትር፣ 38 ሊትር። በሊትር 7.5 ማለት ነው። ይቺ መኪና በዚህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጭንቅንቅ ውስጥ እንኳ 11 ምናምን መሄድ ነበረባት።

ያን ጊዜ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር አጠብኩ። ያወጣኋቸው ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰው ነበር፤ ደረቅ፣ ጥቁር፣ በጣት ሲነኩት ብን የሚል። አርጅተዋል ብዬ ጣልኳቸው።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። 7.6። አዲሶቹን ካንዴላዎች ፈትቼ አየሁ፤ ያው ጥላሸት። እዚህ ጋ ቆም ማለት ነበረብኝ። የሦስት ሳምንት ካንዴላ ከጠቆረ ጥፋቱ የካንዴላው አይደለም፤ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ቤንዚን እየተሰጠው ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳሸተውም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ይሄን እኮ ለተለማማጆቹ የማስተምረው እኔ ነኝ! ግን ግቢው በመኪና ተጨናንቋል፣ ስልኬ ይጮሃል፣ «ጭሱን እየለካ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረው ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ብዬ ልጁን መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላክሁት። ያገለገለ ይዞ መጣ፣ ገጠምን፣ ጋሼ ከፈሉ። ጎማዎቹም ነፋስ ቀንሰው 22 ላይ ነበሩ፤ ወደ 30 አስሞላኋቸው። እሱ እንኳ ጥሩ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ 7.9። ያቺ ትንሿ ጭማሪ የጎማው ነፋስ ትመስለኛለች።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሥራ የለም፣ ግቢው ጭቃ ነው፤ ቡና አዘዝኩላቸው። ያ የመጠጣቱ ነገር ከብዶብኝ እንደሆነ ፊቴ ላይ አይተው ይሆናል፣ ስኒያቸውን ይዘው ለስለስ አሉ።

«በነዳጁ ላማርርህ እንጂ በሙቀቱ እንኳ አላማህም። ያኔ ከሠራህልኝ ወዲህ መርፌዋ ከታች ንቅንቅ አትልም። አዳማ ስመላለስ እንኳ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም። እግዜር ይስጥህ።»

ስኒው እጄ ላይ ቀረ።

የሙቀት መርፌ ሞተሩ ሲሠራ ቆይቶ መሃል አካባቢ ወጥታ ነው መቆም ያለባት። ከታች ንቅንቅ የማትል ከሆነ ይሄ ሰው የሚያመሰግነኝ በበሽታው ነው።

«ያኔ» የተባለው ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የፋሲካ ሰሞን ነበር። ልጃቸው ጋ አዳማ ሲሄዱ ሞጆ ላይ ውሃ አፍልታባቸው ተጎትታ መጣች፤ ለበዓሉ መድረስ ይፈልጋሉ። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ አልቆ ግፊት አይዝም ነበር፣ እሱን ቀየርኩ። በቃ፣ ሥራው እዛ ጋ አልቆ ነበር። እኔ ግን ለማንኛውም ብዬ ቴርሞስታቱን አውጥቼ ጣልኩት፤ ፋኑንም ቁልፍ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲዞር በቀጥታ አሰርኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው «ቴርሞስታት የበረዶ አገር ዕቃ ነው» ይል ነበር። መኪና ሞቀ ከተባለ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ መርፌው መውረዱን ሲያይ ይመርቅሃል። ምርቃት ያገኘ ስህተት ደግሞ ማን መልሶ ያየዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መሃል ያለች በር ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች፤ ውሃው እዛው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ትጀምራለች። ካወጣሃት ግን ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ይገባል፣ ፋኑም ያለ ዕረፍት ያርገበግበዋል፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ጧት እንደተነሣ ይውላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው የሚል መረጃ ከደረሰው ቤንዚን ይጨምራል፤ ሥራው ነው። በድሮዎቹ የካርቡራተር መኪኖች፣ ጧት ለማስነሣት ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ስቦ ቀኑን ሙሉ እንደመንዳት በለው። ይሄ ሁሉ ደግሞ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በክረምት ብርድ።

ለምን እስከዛሬ አልታወቀም? ድሮ በየሳምንቱ አዳማ ይመላለሱ ስለነበር ረጅሙ መንገድ ሸፍኖት ነው። ዘንድሮ መንገዳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ቤት ሆነ። ደብተሯም የተጀመረችው ቤንዚን ከተወደደ ወዲህ ነው።

አብሬያቸው ወጣሁ። ቃሊቲ ደርሰን ተመለስን። መርፌዋ ከታችኛዋ መስመር ትንሽ ቀና ብላ ነበር፣ መንገዱ ተከፍቶ ነፋስ ስታገኝ ጭራሽ መልሳ ተኛች። ግቢ ገብተን የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ነቅዬ በቴስተር ለካሁ፤ 800 ኦም። ይሄ ሴንሰር እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው የሚሆነው። 800 ማለት 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ሴንሰሩ አልዋሸም፣ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም። ብሎኖቹን ፈትቼ የቴርሞስታቱን ቤት ከፈትኩ። ባዶ።

ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል።

«ምን ጠፋ?»

«ቴርሞስታት።»

«ማን ወሰደው?»

«እኔ።»

ዝም አሉ። የፈተና ወረቀት የሚያርም ሰው ዝምታ ነው።

«ለምን?»

«እንዳትሞቅብዎ ብዬ።»

«ትኩሳት አለበት ብለህ ልብሱን ገፈህ አስፋልት ላይ አሳደርከው በለኛ!»

ምን ልበል? ሶማሌ ተራ ማንንም ሳልልክ ራሴ ሄጄ በኪሴ አዲስ ገዛሁ። አዲስ የተባለ ሁሉ ስለማይታመን ሳልገጥም ቀቀልኩት። ቡና የምታፈላልንን ልጅ ትንሿን ድስቷን ለመንኳት፤ «ለምንድነው?» አለች፣ «ለምርመራ» አልኳት። ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥዬ የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ ሰቀልኩት፣ ከጎኑ ቴርሞሜትር። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ጎንበስ አሉ። 70፣ ምንም። 78፣ ምንም። 83 ላይ ሲደርስ ያቺ የነሐስ ከንፈር ፀጉር ታህል ከፈት አለች። «አሃ!» አሉ ጋሼ፣ ንዴታቸውን ረስተው። በደንብ የምትከፈተው 95 ዲግሪ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ 92 አካባቢ ስለሚፈላ በክፍት ድስት ያንን ማየት አይቻልም። ይሄን ስነግራቸው የከፍታና የመፍላት ሒሳቡን ለተለማማጁ ሩብ ሰዓት አስረዱት፤ ልጁ ማምለጫ አጥቶ እኔን ያየኛል።

ገጠምኩ፣ ፋኑን ወደ ቀድሞ መስመሩ መለስኩ፣ ቤንዚን የገባበትን ዘይትም ቀየርኩ። ሞተሩን አስነሥተን ቆየን። መርፌዋ ቀስ እያለች ወጥታ መሃል ጋ ስትደርስ ቆመች። ጋሼ ደነገጡ፤ «ሞቀች እኮ!»። ሁለት ዓመት ሙሉ ጤና ማለት መርፌው ከታች ሲተኛ ነው ብለው ከርመዋል፣ ያስለመድኳቸውም እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሯን ይዘው መጡ። 363 ኪሎ ሜትር፣ 33 ሊትር። 11። የኢንጀክተሩንና የኦክስጅን ሴንሰሩን ገንዘብ በፖስታ አዘጋጅቼ ጠብቄያቸው ነበር፤ «ኧረ ተው» ይሉኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ አላሉም። ሁለት ጊዜ ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱት። «የሁለት ዓመቱን ቤንዚን ላስላልህ?» አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

«ይተዉት ጋሼ።»

ቡና የምታፈላልን ልጅ ግን በዛ ድስት ሁለተኛ ምንም አላፈላም ብላ አዲስ አስገዛችኝ። አሮጌው መሣሪያ መደርደሪያው ላይ፣ ከካቻቪቴዎቹ ጎን ተቀምጧል። ትናንት ብቻ ሁለት ቀቀልንበት፤ አንዱ አልከፈት አለ።