ምድር ቤት ያለው የክብር አዳራሽ

አርብ ከሰዓት ከቦስተን ወደ ባሕር ዳርቻው ኬፕ ኮድ መንዳት እብደት ነው። ይህን የማያውቅ የቦስተን ነዋሪ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ቤዝቦል ላሳየው ለእህቴ ልጅ ቃል ገብቼ ነበር፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ቃል አይረሳም። ወደ ኬፕ ኮድ የሚያሻግረው ሳጋሞር ድልድይ እስክንደርስ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። እናቱ ቋጥራ የሰጠችን ቆሎ ድልድዩን ሳንሻገር አለቀ።

ጊዜው ጁላይ 2015 ነበር። ቦስተን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀድሞው የቦስተን ኮከብ ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ኩፐርስታውን ላይ ባለው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስሙ ሊሰፍር ነው። የእህቴ ልጅ ግን ሌላ ሰው ይዞ ነበር።

«ጋሼ፣ ክሬግ ቢጂዮም አብሮ ይገባል እኮ! ኬፕ ኮድ ላይ ነው የተጫወተው።»

«መቼ?»

«በ1986። ገና ተማሪ እያለ።»

እኔ እንኳን ቢጂዮን፣ ጨዋታውንም በቅጡ አላውቅም ነበር። ቤዝቦል ለእኔ ሕግ የበዛበት የገና ጨዋታ ነው፤ ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ የቀረው ሰው ቆሞ ይውላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? እዚህ አሰልጣኙም ዳኛውም ሲቆጡ ነው የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት ኬፕ ኮድ ላይ ያለችው ሃያኒስ ነበርን። ዋናው መንገድ ላይ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሙዚየም አለ። ሰው የሚመጣው ለእሳቸው ነው፤ ጀልባ ላይ ሆነው ሲስቁ የሚያሳዩ ፎቶዎችን አይቶ ይሄዳል። እኛ ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። የኬፕ ኮድ ቤዝቦል ሊግ የክብር አዳራሽ ያኔ እዚያ ታች ነበር። አዳራሽ ከሚለው ቃል ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት የድሮ ማሊያ፣ ጓንት፣ የእንጨት ዱላና ፎቶ የሞላበት ጠባብ ቦታ ነው። የሰፈር ዕድር ዕቃ ቤት መሰለኝና በልቤ ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ይህ ሊግ ከ1885 ጀምሮ እንዳለ ይናገራል፤ እንደ ሊግ የተደራጀው ግን በ1923 ነው። ከ1963 ወዲህ የሚጫወቱበት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ከመላው አሜሪካ ይመጣሉ፣ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፣ በጋውን የሚያሳልፉት አልጋና እራት በሚሰጧቸው የአካባቢው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። ከዚያ ያለፉ ከሺህ በላይ ልጆች የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ደርሰዋል። የክብር አዳራሹ በ2000 ሲመሠረት ግን የታወቁትን ብቻ አልሰበሰበም። ሚሊዮን ዶላር ከሚከፈለው ኮከብ ጎን ከዚህ ሊግ ያለፈ ደረጃ ያልደረሰ የሰፈሩ ልጅ፣ አሰልጣኝና ሊጉን በነፃ ያገለገለ ሰው አብሮ ይከበራል። ግድግዳው ማንንም ከማን አያስበልጥም።

ረጅም ሰዓት የቆምኩት በተርማን መንሰን ጉዳይ ነው። ታሪኩን የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ በኋላ እኔም አንብቤዋለሁ። መንሰን በ1967 ከኦሃዮ መጥቶ ለቻተም ከተማ ተጫወተ፤ የመታው 0.420 ነው። ማለትም ከሺህ ሙከራ 420ው ተሳክቶለታል እንደማለት ነው፤ ሜጀር ሊግ ላይ 300 የደረሰ ሰው ይጨበጨብለታል። ኋላ የኒውዮርክ ያንኪስ አምበል ሆነ። በ1979 ራሱ ሲያበርራት የነበረች አውሮፕላን ተከስክሳ በ32 ዓመቱ ሞተ። ኬፕ ኮድ ላይ በየዓመቱ በመምታት አንደኛ ለወጣው ልጅ የሚሰጠው ሽልማት የተሰየመው በእሱ ነው።

ቦስተን ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የያንኪስ አምበል ማለት እኮ የጠላት አበጋዝ ነው! በ1973 በቦስተን ቡድን ሜዳ በፌንዌይ ላይ መንሰንና የቦስተኑ ካርልተን ፊስክ ተጋጭተው በቡጢ መማታታቸውን ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ፊስክ ደግሞ በ1966 ለኦርሊንስ ተጫውቷል። ኦርሊንስና ቻተም ጎረቤት ከተሞች ናቸው። ሁለቱ ጠበኞች በአንድ ዓመት ልዩነት ያንኑ የባሕር ንፋስ እየተነፈሱ፣ በሰው ቤት እራት እየበሉ ነው ያደጉት።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ደቡብ ያርመዝ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ሜዳ ደረስን፤ የቢጂዮ የድሮ ቡድን የያርመዝ ዴኒስ ሜዳ። መግቢያ ነፃ ነው። መብራት ስለሌለው ጨዋታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ሰው ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣል። ከመቺው ጀርባ የፍጥነት መለኪያ የያዙ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰዎች ተደርድረዋል፤ የትልልቆቹ ክለቦች መልማዮች ናቸው። ኮሌጅ ላይ ልጆቹ የሚመቱት በብረት ዱላ ነው። እዚህ ግን ከ1985 ጀምሮ እንጨት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እንደ ሜጀር ሊጉ። ብረት ያልተስተካከለውንም ምት ያሻግራል፤ እንጨት ግን ሳይምር ይሰበራል። መልማዮቹ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

አጠገባችን አንዲት ነጭ ፀጉር እናት ሹራብ እየሠሩ ተቀምጠዋል። ለብዙ ዓመታት ተጫዋቾችን እቤታቸው እንዳሳደሩ ነገሩኝ።

«ከእነሱ ውስጥ ትልቅ ቦታ የደረሰ አለ?» አልኳቸው።

«ሁለት» አሉ፣ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ። «አንዱ ወተት ይጨርስብኝ ነበር። ሌላው ማታ ማታ እናቱን እየደወለ ያለቅሳል።»

ስማቸውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ልጅ ሳይ ሳልወድ ወተት ነው የሚታየኝ።

በስድስተኛው ዙር አንድ ፋውል፣ ከመስመር ውጭ የተመታ ኳስ፣ አጥሩን ዘሎ መጣ። የእህቴ ልጅ ሦስት ልጆችን ገፍትሮ ያዘው። ደስታው አንድ ደቂቃም አልቆየ፤ የቡድኑ ሠራተኛ የሆነ ጎረምሳ መጥቶ እጁን ዘረጋ። ኳሱ ይመለሳል፤ በለውጡ ማስቲካ ይሰጣል።

«ጋሼ፣ ፌንዌይ ላይ እኮ የያዘ ሰው ነው የሚወስደው!»

«ስጠው፣ የኔ ልጅ» አሉ እናትየዋ። «እነዚህ ቡድኖች ድሆች ናቸው።»

እያጉረመረመ ሰጠ። ወዲያው የመዋጮ ቅርጫት ሲዞር እኔ አምስት ዶላር ጣልኩ፤ እሱ ማስቲካውን ሊጥል ሲል ያዝኩት።

ጨዋታው እንዳለቀ ልጆች ሁሉ ወደ ሜዳ ገቡ። እዚህ ይፈቀዳል። የእህቴ ልጅ ኮፍያውን አውልቆ ወደ አንድ ረጅም ወርዋሪ ሮጠ። ያ ወርዋሪ በዚያ ቀን ኳሶቹ ክፉኛ ተመትተውበት ከሜዳ ወጥቶ ነበር፤ ማንም አጠገቡ አልቆመም። ጎንበስ ብሎ ፈረመለት፤ የትኛው ክፍል እንደሆነም ጠየቀው።

«ለምን እሱን መረጥክ?» አልኩት መኪና ውስጥ።

«ሰልፍ የለውማ!»

ወሩ ሊያልቅ ሲል ቢጂዮ ኩፐርስታውን ላይ ከፔድሮ ጋር ቆመ። በቴሌቪዥን አብረን አየነው። 3,060 ጊዜ መትቶ ደርሷል፣ 20 ዓመት ሙሉ ለአንድ ክለብ ለሂውስተን ተጫውቶ። ለኔ ግን ማን እንዳሳደረው ነበር የሚያሳስበኝ።

የእህቴ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ኮፍያዋ እናቱ ቤት ቁም ሳጥን ላይ አለች። ፊርማው ከመጀመሪያውም የዶሮ ጭረት ነበር፤ አሁን ጭራሽ ደብዝዟል። የያን ዓመት የቡድኑን የስም ዝርዝር አውጥተን ሁለት ጊዜ ልናመሳስለው ሞክረናል። «ቢ» ይሁን «አር»፣ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።