የኤር 3 ድሮን ሁለተኛው ሌንስ

የቻይናው ድሮን አምራች ዲጄአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያ ላይ ያዋለው ኤር 3 ድሮን በኩባንያው ትንሹ ሚኒና ውዱ ማቪክ ድሮኖች መካከል የሚመደብ ሲሆን፣ ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 1,099 ዶላር ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ለምቀርጽ ለእኔ ይህ ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ከጓደኛዬ ተውሼ ለሁለት ወር ያህል ሞክሬዋለሁ።

ድሮኑ ሁለት ካሜራ አለው፤ አንደኛው ባለ 24 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስ፣ ሁለተኛው ባለ 70 ሚሊሜትር አቅራቢ ሌንስ ነው። ሰፊው ሌንስ የሚሰጠውን ምስል ሁላችንም ጠግበነዋል፤ ሜዳው ይለጠጣል፣ ተራራው ያጥራል፣ ሙሽሮቹ ጉንዳን ያህላሉ። በ70ው ግን ድሮኑን አርቄ ስቀርጽ ከኋላ ያለው ኮረብታ ወደ ሙሽሮቹ ተጠግቶ ይታያል፤ ጩኸቱም የሽማግሌዎቹን ምርቃት አይረብሽም። በዚያ ላይ ክብደቱ 720 ግራም በመሆኑ በአሜሪካ ሕግ ያለ ልዩ ፈቃድ ከእንግዶች አናት በላይ ማብረር አይቻልምና፣ ርቆ መቅረጽ እንደ እኔ በክፍያ ለሚሠራ ሰው ግዴታም ጭምር ነው።

ይኸው ሌንስ ምሽት ላይ ግን ይደክማል። የሰፊው ሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 1.7፣ የ70ው ደግሞ ኤፍ 2.8 ሲሆን (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ሴንሰሮቻቸው፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብለው ምስል የሚያደርጉት ክፍሎች፣ እኩል ስለሆኑ በ70ው የሚገባው ብርሃን ከግማሽ በታች ነው፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የቀረጽኩት ሁሉ ጥቁሩ ቦታ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ከኤር 3 በፊት በ2021 የወጣው ኤር 2ኤስ ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ስለነበረ፣ በኤር 3 ሁለተኛ ሌንስ ብናገኝም ሴንሰሩ አንሶብናል። በ2024 የመጣው ኤር 3ኤስ ወደ አንድ ኢንች ቢመለስም፣ የተመለሰው በሰፊው ካሜራ ብቻ ነው።

የሌንሶቹ ቀዳዳ የማይጠብና የማይሰፋ በመሆኑ ለቀን ቀረጻ ብርሃን የሚቀንሱ ኤንዲ ፊልተሮች ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል። አምራቹ የሚጠቅሰው የ46 ደቂቃ የበረራ ጊዜ ነፋስ በሌለበት፣ ባትሪው ጨርሶ እስኪያልቅ የተለካ ነው፤ እኔ 25 በመቶ ሲቀረው ስለማወርደው ከ30 ደቂቃ ብዙም አላልፍም፤ ስለዚህ ለአንድ ሰርግ ሦስት ባትሪ እይዛለሁ።

የጓደኛዬን መልሼ የራሴን ኤር 3 ገዝቻለሁ። የምሽቱን እስክስታ ግን አሁንም በትከሻ ካሜራዬ ነው የምቀርጸው።