ቻታኑጋ፦ ሰው ሁሉ ሰላም የሚልበት ከተማ

ዋሽንግተንን ለቅቄ እሄዳለሁ እያለ የሚፎክር አበሻ ብዙ ነው። እኔም ስፎክር ከርሜያለሁ። ኪራይ በጨመረ ቁጥር፣ 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተደርድሮ በቆመ ቁጥር፣ የፓርኪንግ ቅጣት መስታወቴ ላይ በተለጠፈ ቁጥር «በቃኝ!» እል ነበር። ፉከራውን ከምር የወሰደችው ግን ባለቤቴ ናት። ነርስ ናት። ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ የምትባል ከተማ ሥራ አገኘችና ተቀበለች። «አንተ እንደሆነ ሥራህ ላፕቶፕ ላይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የኮምፒውተር ብልሽት በስልክ የሚፈታን ሰው የት ተቀምጠህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ከተማዋን ካርታ ላይ ፈለግኳት። የቴነሲ ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ የጆርጂያ ድንበር አጠገብ አገኘኋት። በ2020ው ቆጠራ ነዋሪዋ 181 ሺህ ገደማ ነው። ዋሽንግተን ከነዙሪያዋ ከ6 ሚሊዮን ሰው በላይ አለባት። «ይሄ ሰፈር ነው እንጂ ከተማ ነው እንዴ?» አልኩ። ባለቤቴ አልተከራከረችኝም። የኪራዩን ዋጋ አሳየችኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ጥግ ባለችው አሌክሳንድሪያ ለሁለት መኝታ አፓርታማ 2,400 ዶላር እንከፍል ነበር። እዚያ ጓሮ ያለው ቤት በ1,500። ዝም አልኩ።

ዕቃ የጫንንበትን ቀን ልዝለለው። ጓደኞች መጡ፣ ተሸከሙ፣ ጥብስ በሉ፣ «ወር ሳይሞላችሁ ትመለሳላችሁ» ብለው ተሰናበቱን።

የተከራየነው የጭነት መኪና የራሳችንን መኪና ከኋላው አስሮ ይጎትታል። እንደዚያ ታስሮ ወደ ኋላ መሄድ ለእኔ የማይሞከር ነገር ነው። ስለዚህ ነዳጅ ማደያ በገባን ቁጥር መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነበር። በእኔና በባለቤቴ መሀል ደግሞ የእናቷ መሶብ ተቀምጣለች። ከኋላ ትጨፈለቃለች ብላ በነጠላ ጠቅልላ ከፊት አስቀመጠቻት። ማርሽ ልቀይር እጄን ስዘረጋ እንኳ «ቀስ!» ትለኛለች።

ከ66 ወደ 81 ገባን። 81 ቨርጂኒያን ወደ ታች ይዞ የሚሄድ መንገድ ነው። ወደ 300 ማይል ያህል ቨርጂኒያ አታልቅም። የሸናንዶዋ ሸለቆ ውብ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ውበቱን ያየችው ባለቤቴ ናት። እኔ ያየሁት ከፊቴ የነበረውን የከባድ መኪና የኋላ በር ነው። አንዱን ሳልፍ ሌላው ይመጣል። ዊዝቪል የምትባል ከተማ አካባቢ 81 እና 77 ተገናኝተው ለጥቂት ማይል አብረው ይሄዳሉ። ምልክቱ በአንድ ጊዜ «81 ደቡብ» እና «77 ሰሜን» ይላል። ደክሞኝ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ። ድካም አልነበረም፤ መንገዱ በእርግጥም እንደዚያ ነው።

እዚያው አካባቢ አደርን። ስሙን የማልጠራው ሞቴል ነው። የማይጨስበት ክፍል ተባልን፤ መጋረጃው ግን ሲያጨስ የኖረ ይመስላል። ኤሲው ሲበራ ይጮሃል፣ ሲጠፋ ላብ ነው። ከመስኮቱ ሥር ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ አደረ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ባለቤቴ ጥርት አድርጋ ተኛች። እሱም አበሸቀኝ።

ጠዋት ሂሳቡ ላይ ተጨማሪ 25 ዶላር አየሁ፤ ለቤት እንስሳ ይላል። «የምን እንስሳ?» አልኩት ልጁን። «ማታ ውሻችሁን በሣጥን ይዛችሁ ስትገቡ በካሜራ አይቻለሁ» አለኝ። እኔ ለጠብ ስዘጋጅ ባለቤቴ ወጥታ መሶቧን ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ነጠላውን ፈታች። ክዳኑን አነሳች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ዳቦ ቆሎ ነው። 25ቱን ዶላር ሰረዘልን። እሷ ደግሞ በእፍኟ ዘግና አቀመሰችው! እኔ ብሆን ለሲጋራው ሽታ ቅናሽ እጠይቀው ነበር።

ብሪስቶል ላይ የዋናው መንገድ አንዱ ዳር ቨርጂኒያ፣ ሌላኛው ዳር ቴነሲ ነው። ከዚያ ወዲያ ኖክስቪል እስክንደርስ እሷ ነዳች፤ እኔ ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ቻታኑጋ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጁላይ። የመኪናውን በር ስከፍት የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ ፊት የሚመታው ዓይነት እንፋሎት ተቀበለኝ። የዋሽንግተንን በጋ ስረግም ለኖርኩ ሰው ይህ ሌላ ነገር ነው። ዛፉ ላይ ያለው ነፍሳት ይጮሃል። ሰው ግን የለም። ሶፋውን ማን ያወርደዋል እያልኩ ስቆዝም፣ ከማዶው ቤት ሰባዎቹን ያለፉ የሚመስሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ የዕቃ ጋሪ እየገፉ መጡ። «ለሁለት አትችሉትም» አሉ። ስማችንንም አልጠየቁም፤ በቀጥታ ወደ ሶፋው ነው የሄዱት።

የከተማ ልጅ ነኝ። ሶፋውን ከእሳቸው ጋር ስሸከም ጭንቅላቴ ሂሳብ ይሠራ ነበር። ስንት ሊጠይቁኝ ነው? 40 ዶላር አለኝ፣ ይበቃቸው ይሆን? አሌክሳንድሪያ ለዓመታት ግድግዳ የተጋራነውን ሰውዬ ስሙን አላውቀውም። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁለታችንም ስልካችንን ነበር የምናየው። ተመችቶኝ ነበር ደግሞ።

ሁሉም ከገባ በኋላ ውሃ ጠጡና ጥያቄያቸውን አመጡ። «ቤተ ክርስቲያናችሁ የት ነው?» የት እንደምንሠራ አይደለም፣ ከየት እንደመጣን አይደለም። ገና ዛሬ መግባታችን እንደሆነ፣ ኦርቶዶክስ እንደሆንን፣ ከኢትዮጵያ እንደሆንን ነገርኳቸው። ኢትዮጵያ ስል ፊታቸው በራ። «የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8!» አሉ። ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስበት፣ ውሃ አግኝተው ሲጠመቅ፣ ሁሉንም ቆመው በቃላቸው አነበነቡልን። አሜሪካ ከመጣሁ ስለ አገሬ ከረሃብና ከሩጫ ውጪ ያወራኝ ጎረቤት እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። 40 ዶላሩን ስዘረጋላቸው እጄን ይዘው ወደ ኪሴ መለሱት።

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ ነው እንጂ። ፖስታ ሣጥን ድረስ ስሄድ ሰላምታ፣ ቆሻሻ ሳወጣ ሰላምታ። የማላውቀው ሰው መኪና እየነዳ ሲያልፍ ከመሪው ላይ ጣቱን አንስቶ ሰላም ይለኛል። መጀመሪያ ጎማዬ ተንፍሷል ሊለኝ መስሎኝ ወርጄ አይቻለሁ። ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ «ሃኒ» እያለች የገዛሁትን ሽንኩርት ምን ልሠራበት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሁ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድም ሰው አልተነጫነጨም። የተነጫነጭኩት እኔው ነኝ፤ በሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ስለ አያቱ ቀዶ ጥገና ሲያወራ ከኋላው ቆሜ። ባለቤቴ ደግሞ «ሃኒ ያለችህ የትኛዋ ናት?» ብላ ልታያት መጣች። እሷንም «ሃኒ» አለቻት።

ገንዘብ ተቀባይ ካነሳሁ ስለ ግብር ላውራ፤ ማንም አልነገረኝምና። ቴነሲ ከደመወዝ የግዛት ገቢ ግብር አትቆርጥም። ቨርጂኒያ ከላይኛው ገቢ እስከ 5.75 በመቶ ትወስዳለች። የመጀመሪያውን ደመወዝ ሳይ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሱቅ ድረስ ብቻ ነበር። እዚህ ለዕቃ 9.25 በመቶ የሽያጭ ግብር አለ። ምግብም አይቀርም፤ ዳቦና ወተት ላይ 6.25 በመቶ። ቨርጂኒያ ለምግብ 1 በመቶ ነበር የምንከፍለው። ያም ሆኖ ኪራዩ ሲታሰብ እናተርፋለን። ግን ወተት በገዛሁ ቁጥር ደረሰኙን ማየት አልተውኩም።

ያለ አንዳች ማጉረምረም የምቀበለው ኢንተርኔቱን ነው። አቅራቢው ኢፒቢ የሚባለው የከተማው መብራት ኃይል ነው። ንብረትነቱ የከተማው ነው። መብራት ሲቋረጥ ቶሎ እንዲያውቅ በሚል ፋይበር በየቤቱ ዘረጋና በ2010 ለመላው ከተማ ጊጋቢት የሚባለውን በጣም ፈጣን ኢንተርኔት አቀረበ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። በወር ወደ 70 ዶላር ነው የምከፍለው። አሌክሳንድሪያ ደንበኛ እያነጋገርኩ መስመሩ ሲቆረጥ ራውተር ነቅሎ መሰካት የሥራዬ አካል ነበር። እዚህ ራውተሩ የት እንዳለም ረስቻለሁ።

ባቡር ግን የለም። ይህችን ከተማ ዓለም የሚያውቃት በባቡር ነው። ግዙፉ ጣቢያዋ በ1909 ተከፍቶ በ1970 የመጨረሻውን መንገደኛ ሸኘ። አሁን ሆቴልና ምግብ ቤት ነው። ለጎብኚ ተራራ ላይ የሚያወጣ ባቡር አለ፤ ለሥራ የሚወስድ የለም። መሀል ከተማ በነጻ የሚያመላልስ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ አለ፤ እኛ ሰፈር አይደርስም። ዋሽንግተን ሜትሮው ዘገየ ብዬ የምሳደበውን ስድብ ሳይቀር ናፍቄያለሁ።

ቅዳሜ ማታ የምንሄደው ወደ ዎልነት ስትሪት ድልድይ ነው። በቴነሲ ወንዝ ላይ የተዘረጋ የብረት ድልድይ ነው፤ ከ700 ሜትር በላይ ይረዝማል። በ1978 ለመኪና ተዘጋ። ሊፈርስ ነበር፤ ነዋሪው አላስፈርስም አለና በ1993 ለእግረኛ ተከፈተ። አይስክሬም የያዘ፣ ውሻ የያዘ፣ ሙሽራ የሚያስነሳ ሁሉ እዚያ ነው። እኔም በጣም ወድጄው ነበር። ከዚያ በደቡብ በኩል ያለውን መታሰቢያ ቆሜ አነበብኩ።

ኤድ ጆንሰን የሚባል ጥቁር ወጣት በ1906 በማይረባ ማስረጃ በአስገድዶ መድፈር ሞት ተፈረደበት። ኖዋ ፓርደንና ስታይልስ ሃቺንስ የተባሉ ጥቁር ጠበቆች ጉዳዩን ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ እንዲታገድ አዘዘ። በዚያው ሌሊት ነጭ ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ አወጣውና ከዚህ ድልድይ ላይ ሰቀለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስረኛውን ሊጠብቅ ሲገባው ያላስጣለውን ሸሪፍ ትእዛዜን ደፍረሃል ብሎ በራሱ ችሎት ዳኘው፤ በ1909 ጥፋተኛ አለው። በታሪኩ ያስቻለው ብቸኛ የወንጀል ችሎት ይኸው ነው። የጆንሰን ፍርድ የተሻረው በ2000፣ መታሰቢያው የቆመው በ2021 ነው።

ለጎረቤታችን ድልድዩን እንደወደድነው ነግረናቸው ነበር። ፈገግ ብለው ዝም ነበር ያሉት። መታሰቢያውን እንዳየን ስንነግራቸው ነው ያወሩት። ልጅ ሳሉ አያታቸው በዚያ እንዳይሄዱ ይከለክሏቸው ነበር። እስካሁን አይረግጡትም። መንገደኛውን ሁሉ ሰላም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ነጩንም ጥቁሩንም። ድልድዩን ግን አይረግጡትም። ከዚያ በኋላ የሰዉን ሰላምታ አጉል ነገር ነው እያልኩ መሳለቄን ቀነስኩ። ማንም ዝም ብሎ ፈገግ የሚል አይመስለኝም።

የቀረኝ እንጀራ ነው። አሌክሳንድሪያ ነዳጅ ስትቀዳ እንጀራ ይዘህ ትወጣለህ። እዚህ እንጀራ ማለት ክላርክስተን ማለት ነው፤ አትላንታ ጥግ ያለችው የስደተኞች ከተማ። ደርሶ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የአትላንታ ትራፊክ ካልያዘ። እኛ ቅዳሴውንም፣ በርበሬውንም፣ ሥጋውንም በአንድ እሑድ እንጨርሳለን። የመጀመሪያው ቀን ባለሱቋ እትዬ አንድ ካርቶን ሙሉ እንጀራ ስንገዛ አይታ «ድግስ አለባችሁ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ከቻታኑጋ መምጣታችንን ነገርኳት። «እዛም አበሻ አለ?» አለች። አለ፤ ቅዳሴ ላይ ከቻታኑጋ የመጡ ሌሎች አገኘን፤ አሁን ተራ ገብተን እንጀራ እናመጣለን። ዕቁብ እንጀምር ያለም አለ።

የቤቱ ውል በኦገስት ያልቃል። የአሌክሳንድሪያ ጓደኞቼ መቼ ትመለሳለህ ይላሉ። ባለቤቴ የሚሸጥ ቤት ማየት ጀምራለች። እኔ ያቀረብኩት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ ወደ አትላንታ የሚወስደው 75 ቁጥር መንገድ ቅርብ ይሁን፣ ለእንጀራው። ይህን ጎረቤታችን ሰምተዋል። ትናንት ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው ቤት ሊሸጥ ነው ብለው፣ ማንም ሳይልካቸው ዋጋውን ሊጠይቁልን ሄደዋል።